ከሚገባው በላይ ጥሩ ጡብ

ጥቅምት 2 ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ባለቤትዎም እንደምን ከረማችሁ? ጉልበትዎን ያመዎት ነበር፤ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባቴ ካረፈ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ወንበሩ አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም ግን አያነሳውም።

ዛሬ የምጽፈው ደስ የሚል ጉዳይ ይዤ ነው። እርስዎና አባቴ የወረሳችሁትን የጫካ ዳር መሬት የተከራየው የጽሞና ማኅበር ንድፌን ተቀብሎታል። ሰዎች ከከተማ ወጥተው ዐሥር ቀንም ሃያ ቀንም በተመስጦ የሚቀመጡበት፣ ሳይነጋገሩ የሚሰነብቱበት ማረፊያ ነው። አንድ ክብ አዳራሽና ስምንት ትንንሽ ቤቶች አሉት። ግንበኛው እርስዎ እንዲሆኑ ማኅበሩን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። «ሌላ ሰው ከሆነ እኔ የለሁበትም» ብያቸዋለሁ።

ደንባቸው ጥብቅ ነው። ሲሚንቶ የለም። ዛፍ አይቆረጥም። መኪናም ጋሪም ወደ መሬቱ አይገባም። ግድግዳው ከዚያው ከመሬቱ አፈር በተመታ ጡብ ይሠራል፤ የዝናቡም ውሃ ከክዳኑ ተጠራቅሞ ለመታጠቢያ ይውላል። ቤቱ አንድ ቀን ቢፈርስ እንኳ ተመልሶ አፈር ይሆናል እንጂ ለልጅ ልጅ ቆሻሻ አይተውም።

ሁለት ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። አፈሩ ንድፉ ላይ በቀይ ካከበብኩት ቦታ ብቻ ይቆፈር፤ ከትልቁ ዛፍ ወደ ወንዙ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። ከእሱ አጠገብ ደግሞ ነጭ አድርጌ የተውኩት አራት ማዕዘን አለ። እዚያ ምንም እንዳይሠራ፤ ያለው እንዳለ ይቆይ። ምክንያቱን ስመጣ በአፌ እነግርዎታለሁ።

ቦታው ላይ ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ። ማኅበሩም ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን ብሏል። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ እንገናኝ። ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 24 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለእመት ጥያቄ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ባለው መንገድ ሳይደክም ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ግን በራሱ ጊዜ የአየር ትንበያ ይናገራል፤ ከሬዲዮው ይሻላል። እመት ጥያቄ ማለቴ አይክፋሽ። ገና አራት ዓመትሽ ሳለ አባትሽ «ቤቴ ውስጥ ጠያቂ ሞልቶ መላሽ ጠፋ» ብሎ ጽፎልኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ስምሽ ይኸው ነው። እኔንም ቱምቢ ብሎ የሰየመኝ እሱ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚናገረው ብረት ነው ቱምቢ። ዛሬ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ሰው በከተማው የለም።

ንድፍሽን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አየነው። ዝም ብሎ ለመቀመጥ ዘጠኝ ቤት ሲሠራ በዕድሜዬ አላየሁም፤ እኛ ደጃፍ ላይ በነፃ ነበር የምንቀመጠው። ባለቤቴ «እነዚህ ሰዎች ዝም ማለት መልመድ ካማራቸው ካንተ ጋር ሁለት ቀን ይዋሉ። አፋቸውን የሚከፍቱበት ፋታ መቼ ያገኛሉ?» አለች።

ቀልዱን እንተወውና ንድፉ የሰው ንድፍ ነው። ክዳኑን ከግድግዳው አውጥተሽ ማሰብሽ፣ መሠረቱን በድንጋይ እስከ ጉልበት ከፍ ማድረግሽ ልክ ነው። የአፈር ቤት ጠላቱ አንድ ነው፣ እሱም ውሃ፤ ከላይም ከታችም ይመጣበታል። መስኮቶቹን ዝቅ ያደረግሻቸው መሬት ላይ ለሚቀመጥ ሰው ዓይን እንዲሆኑ መሆኑን ለማወቅ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። መነሣቱ ነው ያስቸገረኝ።

አሁን ስለ አፈሩ። ብንመካከርበት ምን ይመስልሻል? መሬቱ ሰፊ ነው። የግድ ከዚያ ካልሆነ የሚያሰኝሽ ምንድን ነው? ሠላሳ እርምጃ የሚለውንስ ማን ነገረሽ? ቦታውን በዓይንሽ አይተሽው አታውቂም። ነጩን አራት ማዕዘን ደግሞ በማስመሪያ ለካሁት፤ ዘጠኝ በስድስት እርምጃ ይመጣል። ሰው ባዶ ቦታ ሲተው እንደመጣለት ነው የሚተወው። አንቺ ለክተሽ ነው የተውሽው። ልብ ብዬ አይቻለሁና እወቂው።

ፈጣሪ በያለሽበት ይጠብቅሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 15 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥዎት። ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቄ ቀነሰ። ሁለት ነገር አደራ ብልዎት በሦስት ጥያቄ መለሱልኝ፤ ጠያቂዋ እኔ አልነበርኩም እንዴ?

ስለ ነጩ ቦታ ስመጣ ብያለሁ፤ አሁንም ስመጣ። የአፈሩ ጉዳይ ግን ምክክር የሚያስፈልገው አይደለም። ከቀዩ ክብ ነው። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ እዚያ አፈር ላይ የምተማመንበት ምክንያት አለኝ።

ማኅበሩ ሦስት የሙከራ ጡብ ተመትቶ እዚህ ቤተ ሙከራ እንዲገባ ይፈልጋል። ከዚያው ጉድጓድ አፈር ይምቱና ወደዚህ በሚመጣ መንገደኛ ይላኩልኝ። የጉድጓዱንም ፎቶ አብረው ይላኩ።

ለባለቤትዎ ከልብ የመነጨ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

በጤና መሰንበትሽን እየተመኘሁ ነው የምጽፍልሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ጡብ እንደ ደብዳቤ በአንድ ቀን አይደርቅም። ሦስቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደዚያ ለሚበር የጎረቤቴ አማች ሰጥቼዋለሁ። ሻንጣውን ከፍተው ሲያዩ ለጡብ ሲል ባሕር የሚሻገር የመጀመሪያው ሰው ነው ብለው ይስቁበት ይሆናል።

የስምንቱም ቤቶች መሠረት አልቋል። አዳራሹ እስከ ወገብ ደርሷል። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር በእጅ እየተቀባበልን ነው ያመጣነው፤ አንድም ቅርንጫፍ አልሰበርንም። ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ከአዳራሹ ፊት የቆምኩት ሽማግሌ እኔ ነኝ። የጉድጓዱን ፎቶ ግን አላነሳሁም፤ ውሃ ስለያዘ ለዓይን አያምርም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ከማረፉ በፊት ስለዚህ ቦታ አጫውቶሽ ያውቃል? ምን አለሽ? መልሱን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

የጡቦቹ ውጤት ደርሷል። ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ከዋሉ በኋላ እንኳ ጠርዛቸው አልተሸረፈም። የሞከራቸው ባለሙያ «ይህን የመታው ሰው በሕይወት ካለ አስተዋውቂኝ» አለኝ። መኩራት ነበረብኝ፤ ግን አልኮራሁም።

አባቴ ከዚያ ሲወጣ ይዞት የመጣ አንድ ብልቃጥ አፈር አለኝ። በሕይወቱ ሳለ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አሁን የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያው ከቀዩ ክብ የተወሰደ ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ከፍቼው አላውቅም፣ መስታወቱ ግን ያሳያል፤ አፈሩ ጥቁር ነው። የእርስዎ ጡብ ቀይ ነው፤ አሸዋም አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ዋልኩ። የወንድምዎ ልጅ ሆኜ ሳይሆን እንደ ባለሙያ እናገራለሁ፤ ጡቡ ከሚገባው በላይ ጥሩ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ሊወጣ አይችልም።

ጉድጓዱ ውሃ ያዘ ብለዋል። በታኅሣሥ? በዚያ ወር እዚያ ዝናብ እንደማይጥል እኔ እንኳ አውቃለሁ።

ሌላም አለ። ከእርስዎ ኋላ፣ ፎቶው ላይ፣ ሣሩ በሁለት መስመር ተኝቷል። አጉልቼ አየሁት። የጋሪ ጎማ መንገድ ነው። ጋሪ ወደ መሬቱ አይገባም ብለን የፈረምነው ሁለታችንም ነን።

አፈሩ ከየት ነው የሚመጣው? የቀዩን ክብ አፈር ማን ወሰደው? ለሌላ ሰው ሥራ አውለውት ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።

አባትሽ ስለዚያ ቦታ አጫውቶሻል ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ በጣም ብዙ ጊዜ አጫውቶኛል። ምን እንዳለኝ ግን እርስዎ እውነቱን ሳይነግሩኝ አልነግርዎትም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 8 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደህንነትሽን እሻለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በየቀኑ መልስ እጀምራለሁ፣ በየቀኑ እቀደዋለሁ። ባለቤቴ ወረቀቱን እየሰበሰበች እሳት ማቀጣጠያ አደረገችው።

ጡቡ ጥሩ ነው ብለሽ ትከሺኛለሽ። አርባ ዓመት ስሠራ «ግድግዳህ ጠመመ» ያለኝ አለ፣ «ዘገየህ» ያለኝ አለ። «ሥራህ በጣም ጥሩ ሆነብኝ» ብላ የተቆጣችኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። አፈር አፈር ነው። ቤቱ ይቆማል። ሰዎቹ ይቀመጡበታል፣ ዝም ይሉበታል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

እኔም እጠይቅሻለሁ። ዘጠኝ በስድስት። ከዛፉ ሠላሳ እርምጃ። አፈሩም ከዚያ ካልሆነ ብለሽ ሙጭጭ ማለትሽ። ይህ ንድፍ ነው ወይስ የክስ ወረቀት? አባትሽ «ብዙ ጊዜ አጫውቶኛል» ካልሽ ምን እንዳጫወተሽ እኔ አላጣውም። ሰውን መጠየቅ ሲፈልጉ ፊት ለፊት ነው እንጂ መሬት ላይ ነጭ ሳጥን አስምሮ «ና እዚህ ቁም» ማለት የሚገባ አይደለም። በልጅነትሽ ጠያቂ ነበርሽ፤ መርማሪ መሆንሽን ግን ማን ነገረኝ?

ለዚህ ሥራ ለምን እንደጠራሽኝ አሁን ነው የገባኝ። ነገሩ ሁሉ ከቀን ወደ ቀን እየተገለጠልኝ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 21 ቀን

ለግንባታው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ከመሬቱ አካባቢ ነዋሪ ጥቆማ ደርሷቸዋል። አህያ የሚስበው ጋሪ በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ አፈር ጭኖ ወደ መሬቱ ይገባል፤ ባዶውን ይወጣል። ይህን እኔ ከፎቶው ካየሁት ጋር ሲያስተያዩት ምን እንዳሰቡ መገመት አያቅትዎትም።

መጋቢት 25 ቀን አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የአዳራሹን ግድግዳ በሦስት ቦታ ከፍቶ አፈሩን ይወስዳል፤ የቀዩንም ክብ ያያል። ግድግዳው ከመሬቱ ውጭ በመጣ አፈር መሠራቱ ከተረጋገጠ እንዲፈርስ ውሉ ያዝዛል። እርስዎ ከሥራው ይወጣሉ፤ የእኔም ስም ከንድፉ ላይ ይሰረዛል። ለዚህ ማኅበር ደግሞ «ለአጎቴ እምላለሁ» ብዬ በጽሑፍ የፈረምኩ እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ኃላፊ ብዬ ሳይሆን አጎቴ ብዬ ነው የምጽፈው። ነጭ ሳጥን ያሉት አልገባኝም። የክስ ወረቀት ያሉትም አልገባኝም። አልቅሼ ነው የሰነበትኩት። አባቴ በዚህ ዓለም ላይ ያለ ጥርጣሬ የሚያምነው አንድ ሰው እርስዎ ነበሩ። እኔ ያንን ሰው ነው የጠራሁት፤ የመጣልኝ ሌላ ሰው መስሎ ታየኝ። ተቆጣጣሪው ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ፣ እውነቱን ብቻ፣ ይጻፉልኝ።


መጋቢት 6 ቀን

ልጄ፣

ሰላምታውን ዛሬ አላረዝመውም፤ ካረዘምኩት እንደ በፊቶቹ ወረቀቱን እቀደዋለሁ።

ጉድጓዱን አልቆፈርኩትም። ውሃ ያዘ ያልኩሽ ውሸት ነው። ከቀዩ ክብ አንድ አካፋ አፈር አላወጣሁም፤ ለማንም አልሰጠሁም። ጡቡ ሁሉ የተመታው ከቤቴ ጓሮ በወጣ አፈር ነው። በእግር አንድ ሰዓት ስለሚያስኬድ ባለጋሪ ለመንኩ። ባለቤቴ የአትክልት መደቧ አልቆባታል። ጓሮው ጥልቅ ጉድጓድ ሆኗል። «መቃብርህን ከሆነ የምትቆፍረው ጠበብ አድርገው፤ ይህን ያህል ሰፊ ሰው አይደለህም» ትለኛለች። ለምን እንደምቆፍር ግን አልነገርኳትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባትሽ የራሱን ቤት ሊሠራ ተነሣ። «ግንበኛዬ ወንድሜ ነው» አለ። ነባሮቹ ግንበኞች ሳቁ። እሱ ግን «የሱ ዓይን ቱምቢ ነው፤ ገመድ አያስፈልገውም» አላቸው። ስሜ የወጣው ያን ቀን ነው። ከዛፉ ሠላሳ እርምጃ ተራምጄ ዘጠኝ በስድስት ለካሁ። አፈሩን ከዚያው ከጎኑ ቆፈርኩ፤ ቅርብ ስለነበረ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ጥቁር አፈር ነው። አንድ አዛውንት ግንበኛ በዚያ ሲያልፉ በጣታቸው አሸት አድርገው «ይህ አፈር ቂመኛ ነው፤ ውሃ የነካውን አይረሳም» አሉኝ። ቀንተው ነው ብዬ ሳቅኩ።

ግድግዳው ቆመ፣ አማረም። ሰው እየመጣ አየው። በግንቦት መጨረሻ ክዳን ሳይለብስ ሦስት ቀን ዘነበበት። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣችና እኔና አባትሽ የበሩን መቃን ልንገጥም ውስጥ ገባን። አፈሩ ውሃውን ጠጥቶ አብጦ ነበር፤ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ። እኔ ወጣሁ። ወጣሁ የምለው አባትሽ ገፍቶ ስላስወጣኝ ነው። እሱ አልወጣም። ግድግዳው እግሩ ላይ አረፈ።

አፈሩን በጥፍሬ ስቧጥጥ እጄን ያዘኝ።

«ስማ» አለኝ። «ድጋፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ድጋፍ? ድጋፍ አልነበረውም እኮ!»

«ነበረው። አንተ አታንሣ ብለኸኛል፣ እኔ አነሣሁት። ሰማህ ቱምቢ? ሌላ ቃል እንዳይወጣህ።»

ሰው ሲሰበሰብ እንደዚያው ተናገረ። እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ሁሉም እሱን ወቀሱት። «ግንበኛው እየነገረህ!» አሉት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። በሳምንቱ አንድ ሰው ቤት እንድሠራለት ጠራኝ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አባትሽ ካነከሰ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ውጭ ሄደ። እኔ አርባ ዓመት የሠራሁት ቤት ሁሉ የተሠራው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። አንድ ቀን «ያ አፈር ክፉ ነው» ብል ኖሮ «ታዲያ ግድግዳህን የጣለው ድጋፍ አልነበረም ማለት ነው?» ይሉኝ ነበር። በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም። ለሥራሽ ስሄድ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ነው የምሄደው።

ንድፍሽ ሲመጣ፣ ቀዩን ክብ፣ ነጩን ሳጥን ሳይ አባቷ ሊሞት ሲል ነግሯታል ብዬ ደመደምኩ። በዚያው አፈር፣ በዚያው ቦታ ልታሠራኝና ልታሳፍረኝ ነው አልኩ። እንቢ ብል ምክንያቱን ትጠይቂኛለሽ፤ እሺ ብል ደግሞ ቤቱ አንድ ክረምት ቆይቶ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ያሉ ሰዎች ላይ ይወድቃል። ከመሬቱ ሌላ ቦታ ብቆፍር ጉድጓዱ ያጋልጠኛል፤ ሦስተኛ መንገድ አጣሁና ጓሮዬን ቆፈርኩ።

ተቆጣጣሪው ይምጣ፤ ግድግዳውን ይክፈት። ውስጡም እንደ ውጭው ነው። ቢያፈርሱትም መብታቸው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አባትሽ ምን አለሽ? እግሩን ሲያይ ስሜን እንዴት አድርጎ ነበር የሚጠራው? ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ሳላውቀው መሞት አልፈልግም።

አጎትሽ


መጋቢት 29 ቀን

ይድረስ ለውዱ አጎቴ፣

ፈጣሪ እጆችዎን ይባርክ። ጥፍርዎንም ጭምር።

የጠየቁኝን ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ። ስለ እግሩ ለእኔ የነገረኝ ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ ነው ብሎ ነው። መኪናው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ሳይቀር ይነግረኝ ነበር፤ ሰማያዊ። ከደብዳቤዎ በፊት ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ስለ እርስዎ ደግሞ ይህን ነው ያለኝ። በልጅነቴ እሑድ እሑድ አብረን በእግር ስንሄድ አዲስ ሕንፃ ባየ ቁጥር ይቆማል። ራሱን ዘንበል አድርጎ ከታች እስከ ላይ ያየዋል። «ያምራል» ይላል። «የወንድሜን ግድግዳ ግን አይደርስበትም።» እኔም እጠይቀዋለሁ፤ ያው እመት ጥያቄ አይደለሁ? «የት ነው ያለው?» «ከትልቁ ዛፍ ወደ ወንዙ ሠላሳ እርምጃ። ዘጠኝ በስድስት።» «ከምን ሠራው?» «ከዚያው ከሥሩ አፈር።» «አሁንም አለ?» «ክዳኑን አነሡት እንጂ ግድግዳው ቆሟል። የኔ ወንድም የሠራው ይወድቃል እንዴ!»

ቤት መንደፍ የተማርኩት ያንን ግድግዳ ስለወደድኩት ነው። ነጩ አራት ማዕዘን ለክስ አይደለም። የእርስዎ ግድግዳ እዚያ ቆሞ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነው። ቀያሹ ካርታው ላይ ሳያስገባው ሲቀር «የጭቃ ግድግዳ ነው ብሎ ንቆት ነው» አልኩ። አዳራሹ ተመርቆ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ እጅዎን ይዤ ወስጄ «ይህን የሠሩት እሳቸው ናቸው» ልል ነበር ያሰብኩት። ለዚህ ነው ስመጣ፣ ስመጣ ስል የከረምኩት። አፈሩንም ሳልመረምር ያዘዝኩት አርባ ዓመት የቆመ ግድግዳ ከቤተ ሙከራ ይበልጣል ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት አንድ ጀማሪ ተማሪ ቢሠራ ከክፍል አስወጣዋለሁ።

ብልቃጡን ከፈትኩት። አፈሩን በውሃ ለውሼ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጡብ መታሁና መስኮቱ ላይ፣ ከአባቴ ወንበር ፊት አስቀመጥኳት። ደረቀች፣ ድንጋይ መሰለች። ውሃ ረጨሁባት፣ አበጠች። በሦስተኛው ቀን ለሁለት ተከፈለች። እኔም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ካረፈ ወዲህ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።

ሰብሳቢዋ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ሙያቸው ነው መቼም። ተቆጣጣሪው ያመጣው አፈር ከሙከራው ጡብ ጋር አንድ መሆኑን አይተውታል። በቀዩ ክብ አፈር ቢሠራ ኖሮ ሰው ላይ ይወድቅ እንደነበር አምነዋልና ግድግዳው አይፈርስም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፣ ይገባኛልም። ጋሪው ከመሬቱ ድንበር ላይ ይቆም፤ ከዚያ ወዲህ አፈሩ በሰው ሸክም ይግባ ብለዋል። ጎማው የሄደበት ሣር ተመልሶ ይተከል። የባለቤትዎ መደብ ደግሞ በሌላ አፈር ተሞልቶ እንዲመለስላት ማኅበሩ ተስማምቷል።

ተጠራጠርኩዎት። ለሌላ አውለውታል ብዬ ጻፍኩ። ይቅር ይበሉኝ።

እመት ጥያቄ


ሚያዝያ 22 ቀን

ለልጄ፣

ዕድሜሽ ይርዘም። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አርባ ዓመት የደበቅኳትንም ከዚያ በፊት ነገርኳት። ወጥታ የጓሮውን ጉድጓድ አይታ ተመለሰች። ኋላ «መደቤን ለዚህ ከሆነ ቀድመህ ብትነግረኝ እኔም እቆፍር ነበር» አለች።

ሰማያዊ መኪና! ያን ጊዜ በዚህ ከተማ መኪና የነበረው አንድ ሰው ነው፤ የሱም ሰማያዊ አልነበረም።

ትናንት ወደ ነጩ ቦታ ሄድኩ። ዙሪያ ጥምጥም ሳይሆን በቀጥታው መንገድ ነው የሄድኩት። ሣር በልቶታል። ሣሩን ስገልጠው የመሠረቱ ድንጋይ አለ፣ ዘጠኝ በስድስት። መዛነፉን የሚያሳየውን ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት፤ ዛሬም አልተዛነፈም። ድንጋዩን በደንብ ነበር ያሰርኩት፤ ከአፈሩ በቀር ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። እዚያው ቁጭ አልኩ። እነዚያ ሰዎች ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ይሠራላቸዋል እያልኩ ስስቅ ነበር፤ አሁን አልስቅም።

ሰብሳቢዋን አስፈቅጂልኝ። በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ ብቻዬን ልሠራው ነው፤ ማንም አያግዘኝም። ከጓሮዬ የቀረው አፈር ይበቃዋል። ከላይም ሣር እከድንለታለሁ፤ ዳግመኛ በዝናብ አላስደበድበውም። አንቺ ስትመጪ ከዚያች ከብልቃጡ አፈር ቆንጠር አድርገሽ ያዢልኝ፤ ከመጨረሻዋ ጡብ ጋር እለውሳታለሁ። በጥቂቱ ስትሆን ቂሟን ትረሳለች።

አባትሽ በየእሑዱ «ቆሟል» እያለ ሲመሰክርልኝ ኖሯል። ታላቄን ውሸታም አላስብለውም። ግድግዳው እስከ ሰኔ ይደርሳል።

ከዛፉ ሠላሳ እርምጃ ብለሽ ነይ። ደርሰሽም አዲስ መሆኑን እንዳትናገሪ፤ አርባ ዓመት እንደቆመ አድርገሽ እይልኝ።

ቱምቢ